ኡራኤል አካባቢ ያለው ጂም የሚሸጠው የዋት ቴስት ስንቱ እውነት ነው?

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ላብ ለማውጣትና ከስራ በኋላ ጭንቅላት ለማናፈስ ከሆነ ሂዱ፣ አሪፍ ቤት ነው። «ኤፍቲፒ ቴስት» ተብሎ ለብቻው የሚከፈለውን 1,500 ብር ግን ባሁኑ አያያዙ ድጋሚ አልከፍልም። የቤቱን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ችግሩ የነሱ ብቻ አይደለም፣ ዋት የሚያሳይ ስፒን ሳይክል ያስገባ ጂም ሁሉ ጋ ይሄንኑ ጥያቄ ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ።

ከአራት ኪሎ ወደ ቦሌ የሳይክል መንገድ ከተሰራ ወዲህ ሄልሜት አድርጎ የሚነዳ ሰው በዝቷል፣ ደስ ይላል፣ ያው ሳይክል የገዛ ሰው ደግሞ ስትራቫ የሚባለውን የስፖርት መመዝገቢያ አፕ ያወርዳል፣ ስትራቫ ያወረደ ሰው ትንሽ ቆይቶ «ኤፍቲፒህ ስንት ነው» የሚል ወሬ ውስጥ ይገባል፣ ጂሞቹም ይሄን አይተው ነው ቴስት መሸጥ የጀመሩት። ኤፍቲፒ ማለት ለማያውቅ ሰው፣ ሳትፈነዳ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ይዘኸው ልትቆይ የምትችለው ከፍተኛ ዋት (እግርህ የሚያወጣው ኃይል) ነው። የስልጠናው ፕሮግራም በሙሉ ከሱ ላይ በፐርሰንት ነው የሚሰላው፣ ስለዚ እሱ ከተዛባ ከስሩ ያለው ሁሉ አብሮ ይዛባል።

ቴስቱ እንዲህ ነው የሚሰራው፦ ትንሽ ትሞቃለህ፣ ከዛ 20 ደቂቃ ያለህን ሁሉ ትሰጣለህ፣ የ20 ደቂቃው አማካይ በ0.95 ይባዛል። የኔ አማካይ 268 ወጣ፣ ሲባዛ 255፣ ክብደቴ 74 ኪሎ ስለሆነ በኪሎ 3.4 ምናምን ዋት ማለት ነው። ኮች ወረቀቱን ፕሪንት አድርጎ (ማህተም ሁሉ አለው እኮ) እጄን ጨብጦ «ወንድሜ፣ ትንሽ ብትገፋ እኮ ፅጋቡን ትደርስበታለህ» አለኝ። ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው፣ እዛ ደረጃ ላይ ከፊት የሚወጡት ሰዎች በኪሎ 6 ዋት አካባቢ የሚይዙ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምውል አካውንታንት ነኝ። ቁጥሩ በጣም አስደሰተኝ፣ የጠረጠርኩትም በጣም ስላስደሰተኝ ነው።

ኮችን «ይሄ ሳይክል ዋቱን ከየት ነው የሚያመጣው?» ስለው «ይሄማ የጀርመን ማሽን ነው፣ አይሳሳትም» አለኝ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ አቀማመጥ ያስተካክልልሃል፣ ጉልበትህን እንዳትጎዳ ይከታተልሃል፣ ግን የጀርመን መሆን መልስ አይደለም።

አንድ ቀን ቴክኒሻን ሽፋኑን ከፍቶ ሲሰራ ቆሜ አይቻለሁ። ፔዳሉም ክራንኩም (ፔዳሉን የሚይዘው ክንድ) ላይ ጉልበት የሚለካ ምንም ነገር የለም። ያለው ኬደንስ (እግር በደቂቃ የሚዞረው ዙር) የሚቆጥር ሴንሰርና ማግኔቱ ወደ ፍላይዊሉ (የሚሽከረከረው ከባድ ጎማ) ስንት እንደተጠጋ የሚያውቅ ሌላ ሴንሰር ነው፣ በቃ። ከዛ በኋላ ፋብሪካ የተሞላ ሰንጠረዥ አለ፣ ሬዚስታንስ ይሄን ያህል ሆኖ በዚህ ኬደንስ ከተነዳ ዋቱ ይሄ ነው የሚል፣ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ቁጥር ከዛ ሰንጠረዥ የተነበበ ነው። ማንም የናንተን እግር አልለካም።

እውነተኛ ፓወር ሜትር (ዋት መለኪያ) ግን ብረቱን ነው የሚለካው። ስትሬን ጌጅ የሚባል ስስ ሴንሰር ክራንኩ ወይም የፔዳሉ ዘንግ ላይ ይለጠፋል፣ ስትረግጡት ብረቱ በአይን በማይታይ ልክ ይታጠፋል፣ እሱን ወደ ቶርክ (የማዞር ጉልበት) ቀይሮ በሽክርክሪቱ ፍጥነት ያባዛል። የጀርመኑ ኤስአርኤም በ1980ዎቹ የጀመረው መንገድ ነው፣ አሁን ፔዳል ላይ ያሉት 1 ፐርሰንት ወዲያና ወዲህ ድረስ እንለካለን ይላሉ። ለስሜቱ ያህል፣ በደቂቃ 90 ዙር እየነዱ 200 ዋት ማውጣት ወደ 21 ኒውተን ሜትር ቶርክ ይፈልጋል፣ በ170 ሚሊሜትር ክራንክ ሲሰላ በየዙሩ በአማካይ 12 ወይ 13 ኪሎ እንደመግፋት ነው። ይሄ ብዙ አይመስልም፣ 20 ደቂቃ ሞክሩትና እናወራለን።

እና ጓደኛዬ ፋቬሮ አሲዮማ የሚባል ፓወር ሜትር ያለበት ፔዳል አለው፣ ለምኜው ወሰድኩት። የጂም ሳይክልና የመንገድ ሳይክል የፔዳል ጥርስ አንድ አይነት ነው፣ 9/16 ኢንች፣ የድሮው በ15 ቁልፍ ይፈታል (የግራው በተቃራኒ እንደሚፈታ አትርሱ፣ ጂሙ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ሲታገለው አይቼ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር)። አስተዳደሩ ፈቀደልኝ፣ ለዚህ ክብር ይስጥልኝ፣ ሌላ ቤት ቢሆን ዘበኛ ይጠሩብኝ ነበር። ፔዳሉን ገጥሜ ዜሮውን አስተካክዬ፣ ኬደንሴን 90 ላይ ይዤ ከሳይክል ሳይክል ዞርኩ።

4 ቁጥር ላይ፣ ቴስት የሰራሁበት ማለት ነው፣ ስክሪኑ 210 ሲል ፔዳሉ 172። 9 ቁጥር ላይ ስክሪኑ 150 ሲል ፔዳሉ 171። 7 ቁጥር ላይ 180 ለ176። ያው እኔ ነኝ፣ ያው እግር ነው፣ እኩል እየገፋሁ ነው፣ ግን በአንዱ ሳይክል ጀግና በሌላው ደካማ። ሁሉም በእኩል ቢዋሹ እኮ ግድ አልነበረኝም፣ ልክ ያልሆነ ሚዛንም ሁሌ አንድ አይነት ከዋሸ መክሳትህን ይነግርሃል። እዚህ ግን ልዩነቱ ከሳይክል ሳይክል ነው፣ ገመዱ የላላ አለ፣ ማግኔቱ ሲጠገን ቦታውን የሳተ አለ፣ ሰንጠረዡ ደግሞ ለሁሉም አንድ ነው። የሚገርመው ሰዉ ሳያውቀው 4 ቁጥርን ይወደዋል፣ ክላስ ከመጀመሩ በፊት ፎጣ ጥለው ቦታ የሚይዙ አሉ፣ ግድግዳው ላይ ባለው ቲቪ ስሙ አንደኛ የሚወጣውም ብዙውን ጊዜ እሱ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

ሌላ ያየሁት፣ ሲሞቅ ልዩነቱ ይብስበታል። የማግኔት ፍሬን የሚሰራው ፍላይዊሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ እየፈጠረ ነው፣ ያ ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ይቀየራል፣ አሉሚኒየም ሲሞቅ ደግሞ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ስለሚቀንስ ፍሬኑ ይላላል። እግራችሁ ቀለል ሲለው ስክሪኑ ግን ያንኑ ዋት ይቆጥርላችኋል፣ ማግኔቱ ቦታውን አልቀየረማ። ለዛ ነው ክላሱ መጨረሻ ላይ ሁሉም ሰው አንበሳ የሚሆነው።

ጎኔ ሆነው የሚነዱ አንድ ጋሼ አሉ፣ የመብራት ስራ ላይ ኖረው ጡረታ የወጡ። ስቀያይር ሲያዩኝ ቆይተው «ልጄ፣ ምን እየፈለግህ ነው?» አሉኝ። ነገሩን ሳስረዳቸው ፈገግ ብለው «እና ይሄ ቆጣሪ የለውም በለኛ! ሳይነበብ በግምት የተሞላ ቢል ነው» አሉ። ሁለት ገጽ ሙሉ ልጽፈው የነበረውን ጋሼ በአንድ አፍ ጨረሱት።

ከዛ ቴስቱን እዛው 4 ቁጥር ላይ ከፔዳሉ ጋር ደገምኩት። ስክሪኑ ያው 270 አካባቢ፣ የልብ ምቴም ያው፣ ፔዳሉ ግን የ20 ደቂቃ አማካይ 221 አለ። በ0.95 ሲባዛ 210፣ በኪሎ 2.8። ማህተም ያለበት ወረቀት 45 ዋት ጨምሮልኛል። ይሄ የኩራት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ብዙ ፕሮግራም ላይ ያለው «ስዊት ስፖት» የሚባለው ስራ ከኤፍቲፒ 90 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ የ255 ዘጠና ፐርሰንት 230 ነው፣ ከእውነተኛው ጣሪያዬ በላይ ማለት እኮ ነው። ወረቀቱን ይዤ ሄጄ ቤት ስማርት ትሬነር (የራስን ሳይክል ገጥመው ቤት ውስጥ የሚነዱበት፣ ዋት የሚለካ ማሽን) ላይ ብሞክረው መሃል ላይ እፈነዳ ነበር፣ ከዛ «ዲሲፕሊን የለኝም» ብዬ ራሴን ነው የምወቅሰው።

ማሽኑን እንተወውና አሰራሩም ክፍተት አለው። የ20 ደቂቃው ቴስት ከፊቱ የ5 ደቂቃ ሙሉ ጉልበት ስራ አለው፣ ትኩሱን ጉልበት አስቀድሞ ለማራገፍ ነው፣ 95 ፐርሰንቱም የሚሰራው እሱ ተሰርቶ ነው። እዚህ ቤት እሱን ዘለውታል፣ «ሰው ያማርራል» ነው ምክንያቱ፣ ስለዚ ትክክለኛ ሳይክል ላይ እንኳን ብትሰሩት ቁጥሩ ወደ ላይ ይሸሻል። «ራምፕ ቴስት»ም እንሰጣለን ይላሉ፣ እሱ በየደቂቃው ዋት እየጨመረ እስክትወድቅ የሚሄድ ነው፣ ዝዊፍት የሚባለው የቤት ውስጥ ሳይክል አፕ ላይ በየደቂቃው 20 ዋት ይጨምራል፣ ከመጨረሻዋ ምርጥ ደቂቃ 75 ፐርሰንቱ ይወሰዳል። ስማርት ትሬነር ላይ ማሽኑ ራሱ እርምጃውን ስለሚጠብቅ ያስኬዳል። እዚህ ግን ኮች «ጨምር!» ሲል በእጅህ ነው የምታዞረው፣ አንዱ ሩብ ዙር አንዱ ግማሽ ዙር፣ ኬደንሱም ይዋዥቃል፣ እሱን ራምፕ ማለት ይከብዳል። በዛ ላይ ራምፕ አጭርና ፈንጂ ጉልበት ላለው ሰው ያደላል፣ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ደህና ቁጥር አውጥተው ያንኑ ዋት ለረጅም ጊዜ መያዝ ሲያቅታቸው የሚደነግጡት ለዛ ነው።

ከፍታውንስ? ይሄኛው ላይ ሳይክሉን ያለጥፋቱ አትክሰሱት። የአክስቴ ልጅ ከዲሲ መጥቶ፣ የራሱን ፔዳል ይዞ፣ እዛ ከለመደው ዋት ወርዶበት «የአዲስ አበባ መብራት ነው የሚያበላሽብኝ» ሲል ነበር። ፔዳል ባትሪ ነው የሚጠቀመው ባክህ! ዲሲ ባህር ወለል ላይ ናት ማለት ይቻላል፣ እኛ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ነን፣ ከ1,500 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ የሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም ጣሪያ በግምት 1 ፐርሰንት ይቀንሳል ነው የሚባለው፣ ገና ለመጣ ሰው 8 ወይ 9 ፐርሰንት ቢወርድበት ጤነኛ ነው። እዚህ ተወልዶ ላደገ ያን ያህል አይሰማውም። ዋት ራሱ ግን ከፍታ አያውቅም፣ ጉልበት በፍጥነት ሲባዛ እዚህም ዲሲም ያው ነው።

ጥግ ላይ ያለችው የፕሮፔለር ሳይክል ግን ሌላ ጉዳይ ናት። የሷ ተቃውሞ አየር ነው፣ የኛ አየር ከባህር ወለሉ ከ20 ፐርሰንት በላይ የሳሳ ነው፣ ስለዚ በአንድ አይነት ዙር ፕሮፔለሩ እዚህ ቀለል ይላል። ኮንሶሉ ከዙሩ ብቻ የሚያሰላ ከሆነና ፋብሪካው ባህር ዳርቻ ላይ ካስተካከለው (ባህር ዳር አላልኩም) ያልሰራችሁትን ዋት በነጻ ይሰጣችኋል። ኮንሴፕት 2 የሚባለው የቀዘፋ ማሽን እዚህ ላይ ይበልጣል፣ በየቀዘፋው መሃል ፍላይዊሉ በስንት ፍጥነት እንደሚደክም እየለካ አየሩን ራሱ ያገናዝባል።

ካሎሪውንማ ባላወራ ይሻላል፣ ግን አካውንታንት ነኝ አላልፈውም። አንድ ሰዓት በአማካይ 195 ዋት ነዳህ ብሎ ካሎሪው ላይ 900 አለኝ። 195 ዋት በ3,600 ሰከንድ 702 ኪሎጁል ነው፣ ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ሩብ ያህሉን ብቻ ወደ ፔዳል ስለሚያደርስ ደግሞ ሳይክል ላይ የተሰራ ኪሎጁልና የተቃጠለ ኪሎካሎሪ በግምት እኩል ነው የሚመጣው። ስለዚ በራሱ የተጋነነ ዋት እንኳን 700 አካባቢ ማለት ነበረበት። በፔዳሉ አማካዩ 160 ነበር፣ ወደ 580። የራሱ ሁለት ቁጥሮች እርስ በርስ የማይታረቁ ማሽን ነው፣ «900 አቃጥያለሁ» ብላችሁ ምሳ ላይ ክትፎ የምትደርቡ አስቡበት።

ፔዳል የሚያውስ ጓደኛ ለሌለው ሰው አንድ መፈተሻ አለ፣ ዳገት። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የምትወጡ ሰዎች ታውቁታላችሁ። ዳገት ላይ ፍጥነቱ ትንሽ ስለሆነ የንፋሱ ድርሻ ያንሳል፣ አብዛኛው ስራ ክብደትን ወደ ላይ ማንሳት ነው፣ እሱ ደግሞ በካልኩሌተር ይወጣል። እኔ 74፣ ሳይክሉ 11፣ በጠቅላላ 85 ኪሎ፣ 100 ሜትር ወደ ላይ ሲነሳ ወደ 83,400 ጁል ነው። እሱን በ7 ደቂቃ ከወጣሁ 199 ዋት አካባቢ፣ ለጎማና ለንፋስ ትንሽ ጨምሩበት። ከፍታውን ከስልክ ጂፒኤስ አትውሰዱ፣ እሱ ይዘላል፣ ካርታ ላይ ያለውን ከፍታ ተጠቀሙ። እና ንፋስ የሌለበት ማለዳ ይሁን፣ ሚኒባሶቹም ሳይበዙ። ጂም ላይ 255 የሚላችሁ ሰዎች ዳገቱ ላይ ስንት እንደሚወጣ አስልታችሁ ኑ።

ስማርት ትሬነር ያላቸው ሰዎች «የኛ ግን ትክክል ነው» ይላሉ፣ በአብዛኛው አዎ፣ ዋሁ ኪከርና ታክስ ኒዮ አይነቶቹ 1 ፐርሰንት፣ ረከስ ያሉት 2 ወይ 3 ፐርሰንት ስህተት ነው የሚሉት። ግን 2 ፐርሰንት ራሱ ከ250 ላይ 5 ዋት ነው፣ ከ245 ወደ 250 አደግኩ ብሎ መጨፈር አይቻልም። ትሬነርና ፔዳል አብራችሁ ካያችሁ ትሬነሩ በጥቂት ፐርሰንት ዝቅ ይላል፣ ጥፋት አይደለም፣ ሰንሰለቱ መንገድ ላይ የሚበላው አለ፣ ፔዳል ከሰንሰለቱ በፊት ትሬነር ከሰንሰለቱ በኋላ ነው የሚለኩት። የአንድ እግር ፓወር ሜትር የገዛችሁ ደግሞ እሱ የግራውን ወስዶ እጥፍ ነው የሚያደርገው፣ ግራችሁ 48 ቀኛችሁ 52 ከሆነ 4 ፐርሰንት ቀነሰባችሁ ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ግን ከ45 ዋት ጋር ሲተያይ ምንም ነው።

ለአስተዳደሩ ያገኘሁትን ነገርኳቸው፣ በወረቀት አድርጌ። ሪሴፕሽኗ በደንብ ሰማችኝ፣ ኮች መጀመሪያ ትንሽ ኩርፊያ ነገር ነበረበት፣ በኋላ ግን ፔዳሉን እሱ ራሱ ሞክሮ ዝም አለ፣ ከዛ ወዲህ የቴስት ወረቀቱ ላይ የሳይክሉን ቁጥር መጻፍ ጀምሯል። ጥሩ ጅምር ነው፣ ቢያንስ ከ4 ቁጥር ወደ 9 ተዘዋውሮ «ከሳሁ፣ ደከምኩ» የሚል ሰው አይኖርም። የ5 ደቂቃውን ስራ ቢመልሱና አንድ ጥንድ የፔዳል ፓወር ሜትር ገዝተው ለቴስት ብቻ ቢያስቀምጡ ግን 1,500 ብሩን እኔ ራሴ ቀድሜ እከፍላለሁ፣ ባለው የደንበኛ ብዛት ቶሎ ይመልሳል።

የቀረውን ባጭሩ። ሻወሩ ንጹህ ነው፣ ሙቅ ውሃ አለ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግን ወረፋ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል፣ ደቂቃ ነገር ይፈጃል፣ በዛ መሃል ቲቪው ላይ ያለው ቁጥር ይጠፋል፣ ቴስት ላይ ከሆናችሁ አለቀ። ማራገቢያው ከፊት ረድፍ ላይ ብቻ ነው የሚደርሰው፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው በሙቀት ብቻ ዋቱ ይወርዳል፣ ለቴስት ፊት ያዙ። ሙዚቃው ይጮሃል፣ ለኔ ተመችቶኛል፣ ጋሼ ጥጥ ጆሯቸው ውስጥ ከተው ነው የሚነዱት። ፓርኪንግ የለም ብላችሁ አስቡት፣ በታክሲ ኑ። ሳይክል ከተጠየቃችሁ 7 ቁጥር በሉ፣ ፊት ረድፍ መስኮቱ ጋ ያለው ነው፣ ኮርቻው ትንሽ ስለሚላላ ከመጀመራችሁ በፊት ኮች እንዲያጠብቅላችሁ ጠይቁ።